ግድግዳ አፍርሶ ቢም ማስገባት፦ ስለ ኤልቪኤል ማወቅ ያለባችሁ

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ የኛ ሰው ከሚገዛቸው ቤቶች ብዙዎቹ የቆዩ ናቸው። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ዙሪያውን በግድግዳ ታጥሯል። ቡና የምታፈላው ለብቻዋ እዚያ ትቀራለች፣ እንግዳው ደግሞ ሳሎን ይቀመጣል። ስለዚህ ቤቱ በተገዛ በዓመቱ "ይቺን ግድግዳ አንሣልን" ተብዬ እጠራለሁ። ሥራዬ አናጢነት ነው። የቤት አጥንት የሚባለውን ክፍል ነው የምሠራው፦ ስተድ (የግድግዳው ቋሚ እንጨት)፣ ጆይስት (ወለሉን የሚሸከም አግዳሚ)፣ ቢም (ጆይስቶቹን የሚሸከም ዋና አግዳሚ)።

ሸክም ያለው ግድግዳ ሲነሣ በቦታው ቢም ይገባል። ዛሬ ያ ቢም ብዙ ጊዜ ኤልቪኤል ነው፤ ስስ የእንጨት ልጣጮች በኮላ ተጣብቀው የሚሠሩት ማለት ነው። ከመኪና ሳወርደው ነው ጥያቄው የሚመጣው። አንዲት እናት ጎኑን ደባብሰው "ልጄ፣ ይሄ ኮምፔንሳቶ አይደለም እንዴ? ልጆቹ የሚተኙት እኮ እዚህ ላይ ነው" አሉኝ። "እማማ፣ እኔ ከድፍኑ ይልቅ ይሄን አምናለሁ" አልኳቸው። አላመኑኝም። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ነው፣ በደንብ ሊመለስ ይገባዋል።

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። ቢሙን ፋብሪካው አስተማማኝ አድርጎ ነው የሚልክላችሁ። አስተማማኝነቱ የሚጠፋው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታው፣ ጫፉ የሚያርፍበት ምሰሶ ሲያንስ፣ አንዱ መጥቶ ሲበሳው። ስለዚህ ስለ ቢሙ ጥቂት፣ በዙሪያው ስላለው ብዙ እላለሁ።

ተጣብቆ የተሠራ እንጨት ለምን ከድፍን ይሻላል

ድፍን እንጨት ዛፉ ያለፈበትን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ጉጥ ይሆናል። በጉጡ ዙሪያ ቃጫው ይጠማዘዛል፣ ጉልበቱም እዚያ ላይ ይቀንሳል። ከአንድ ክምር ሁለት እንጨት ብታነሡ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። በዓይን ለመለየት ይከብዳል።

ኤልቪኤል ሲሠራ ግንዱ እየተሽከረከረ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ልጣጭ ይላጣል። ልጣጩ ይደርቃል፣ በመሣሪያ ተፈትሾ በጥንካሬው ይለያል። ከዚያ ፌኖሊክ በሚባል ኮላ ተቀብቶ ይደረደራል፣ በሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ይጨመቃል። ከኮምፔንሳቶ የሚለየው በአደራደሩ ነው። ኮምፔንሳቶ ላይ ልጣጮቹ እየተፈራረቁ ይመሳቀላሉ። ኤልቪኤል ላይ ግን ቃጫው ሁሉ በቢሙ ርዝመት ነው የሚሄደው፣ ጉልበት የሚፈለገውም በዚያው አቅጣጫ ነው። ጉጡ አልጠፋም፣ ተበተነ እንጂ። አንዱ ልጣጭ ላይ ያለው ጉጥ ግራና ቀኙ ጤነኛ ልጣጭ ስላለ ብቻውን ቢሙን ሊሰብር አይችልም።

ቁጥሩን እንየው። እዚህ አካባቢ በብዛት የምናገኘው የስፕሩስና የፓይን ድፍን እንጨት፣ ቁጥር 2 የሚባለው ደረጃ፣ ለመጉበጥ የሚፈቀድለት ጫና በካሬ ኢንች 875 ፓውንድ ነው። 2.0ኢ የሚል ማኅተም ያለበት ኤልቪኤል ብዙ ጊዜ 2600 ወይም ከዚያ በላይ ይፈቀድለታል። 2.0 የምትለው ቁጥር ደግሞ ግትርነቱን ነው የምትነግራችሁ፤ በካሬ ኢንች 2 ሚሊዮን ፓውንድ ማለት ነው። የዚያ ድፍን እንጨት 1.4 ሚሊዮን ነው።

እኔን ግን ከዚህ በላይ የሚያሳምነኝ የልዩነቱ ጥበት ነው። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ደንብ መሠረት በዓይን ታይቶ ደረጃ የወጣለት እንጨት ግትርነቱ ከአማካዩ በ25 በመቶ ይዋዥቃል ተብሎ ይታሰባል። ተጣብቆ በተሠራው ላይ መዋዠቁ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በተግባር ሲታይ፣ 1.4 ሚሊዮን ተብሎ ከተሸጠላችሁ ድፍን እንጨት መካከል ከ20 አንዱ ወደ 800 ሺህ ሊወርድ ይችላል። ከኤልቪኤሉ ደካማው እንኳ 1.67 ሚሊዮን አካባቢ ይቆማል። አስተማማኝ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ የሚደርሳችሁ ቢም ከተጻፈበት ብዙ አይርቅም።

2600 ሲባልም በ2601 ይሰበራል ማለት አይደለም። ብዙ ናሙና እስኪሰበር ይፈተናል። ከ100ው 95ቱ የሚያልፉት ልክ ይወሰድና ለ2.1 ይካፈላል። የተጻፈው ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ማካፈሉ ውስጥ ሸክሙ ለዓመታት ሳይነሣ መቆየቱም ይታሰባል፤ እንጨት ለአጭር ጊዜ የሚችለውን ለረጅም ጊዜ አይችልምና።

ኮላው ይለቃል ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ፣ ፋብሪካዎቹ ናሙናውን ገንጥለው ነው የሚፈትኑት። በደንብ የተጣበቀ ከሆነ የሚቀደደው እንጨቱ ራሱ ነው እንጂ የኮላው መስመር አይደለም። ነገሩም አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኦቶ ሄትሰር ተጣብቆ ለሚሠራ ቢም ፓተንት ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ነው። ዛሬ ግሉላም የምንለው፣ ከልጣጭ ሳይሆን ከወፍራም ጣውላዎች ተጣብቆ የሚሠራው ቢም፣ የዚያ ልጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ባለው የመንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ በ1934 በዚሁ ዘዴ የተሠራ ሕንፃ ቆሞ 75 ዓመት ገደማ አገልግሏል። ያኔ የተጠቀሙት ኮላ ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ነበር። የዛሬው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ኤልቪኤል ለግንባታ ገበያ የወጣው ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ግድግዳው ሸክም አለው ወይ?

ቤዝመንት ውረዱ፣ ከጣሪያው ሥርም ውጡ። ጆይስቶቹ በየት በኩል እንደሚሄዱ እዩ። ግድግዳውን አቋርጠው ከሄዱ፣ በተለይ እላዩ ላይ ተደራርበው ከተገናኙ፣ ግድግዳው ይሸከማል። ትይዩ ከሆኑ ላይሸከም ይችላል። ግን ከላዩ ሌላ ግድግዳ፣ ወይም ከጣሪያ የሚወርድ ምሰሶ እንዳለ ሳታዩ አትወስኑ። ከሥሩ ቤዝመንት ውስጥ ቢም ወይም የብረት ምሰሶ ካለ ደግሞ ያ ትልቅ ምልክት ነው፤ የሠራው ሰው እዚያ ሸክም እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። ግድግዳውን በእጁ እያንኳኳ "ባዶ ነው፣ ችግር የለውም" የሚላችሁን ሰው በሰላም ሸኙት። ድምፅ ስለ ሸክም አይናገርም።

ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ልጆች ባሉበት ከማፍረሳችሁ በፊት አስመርምሩት።

ቢሙ ምን ያህል ይሁን

ይህን የሚወስነው መሐንዲስ ነው። እኔም ለደንበኞቼ ያለ መሐንዲስ ደብዳቤ አልጀምርም። ሞንትጎመሪ ካውንቲም ሆነ ፌርፋክስ ሸክም ያለው ግድግዳ ለማንሣት ፐርሚት ይጠይቃሉ። ስሌቱን ማወቃችሁ ግን የሚነገራችሁን ለመረዳት ይጠቅማል። አንድ ምሳሌ አብረን እናስላ።

ከግድግዳው ግራና ቀኝ 12 ጫማ የሚሄዱ ጆይስቶች አሉ እንበል። ቢሙ ከየጎኑ ግማሹን፣ 6 ጫማ ከዚህ 6 ጫማ ከዚያ፣ በድምሩ የ12 ጫማ ስፋት ይሸከማል። የመኖሪያ ወለል በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ የሰውና የዕቃ ሸክም ይታሰብለታል። ለወለሉ ለራሱ ክብደት 10 እንጨምር። 50 በ12 ሲባዛ ለእያንዳንዱ የቢሙ ጫማ 600 ፓውንድ ይሆናል። የሚከፈተው ቦታ 14 ጫማ ቢሆን ቢሙ ላይ የሚያርፈው በጠቅላላ 8400 ፓውንድ፣ ወደ 3800 ኪሎ ነው። ከላይ ተጨማሪ ፎቅ ወይም የጣሪያ ሸክም ካለ ከዚህም ይበልጣል።

ለዚህ 2 በ12 ኢንች የሚባለውን ድፍን እንጨት ሦስት ብትደርቡ፣ መሐሉ ላይ የሚደርሰው ጫና በካሬ ኢንች 1860 ገደማ ይሆናል። ከሚፈቀድለት በእጥፍ አካባቢ ይበልጣል፤ አይሆንም። 11 ከ7/8 ኢንች ቁመት ያለው ኤልቪኤል ሁለት ቢደረብ ጫናው 2140 ገደማ ነው፣ ከ2600 በታች። ያልፋል። የሰውና የዕቃው ሸክም ሲመጣ ወደ ታች የሚለምጠው 0.42 ኢንች ነው። ደንቡ ለ14 ጫማ 0.47 ይፈቅዳል። ይሄም ያልፋል፣ ግን በጠባቡ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። የኛ ቤት የልደትና የክርስትና ቤት ነው። ከላይም ከታችም ሰው ይሞላል፣ እስክስታውም አለ። 40 ፓውንድ ተራ የቤተሰብ ኑሮ ታስቦ የወጣ ቁጥር ነው። ለሰው መሰብሰቢያ አዳራሽ የሚታሰበው 100 ነው። ቢሙ አይሰበርም፣ ወለሉ ግን ይነጥራል፣ ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ ኮርኒሱም ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሐንዲሱን "በጠባቡ ከሚያልፈው አንድ ደረጃ ከፍ አድርግልን" በሉት። ሦስተኛ ቢጨመር መለመጡ ወደ 0.28 ይወርዳል። የዋጋው ልዩነት ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ትንሽ ነው።

ቦታው ከፈቀደ ግን ከማደራረብ ይልቅ ቁመት መጨመር ይሻላል። የቢም ቁመት በእጥፍ ሲያድግ ጥንካሬው 4 እጥፍ፣ ግትርነቱ 8 እጥፍ ያድጋል። 14 ኢንች ቁመት ያለው ሁለት ድርብ ከ11 ከ7/8ቱ ሦስት ድርብ የበለጠ ግትር ነው፤ በውስጡ ያለው እንጨት ግን ያንሳል። የሚያስከፍላችሁ የራስጌ ከፍታ ነው። ረጅም ሰው ካለባችሁ አስቡበት።

ከዓመታት በኋላ ትንሽ ወደ ታች መውረዱም የሚጠበቅ ነው። ሁሌም እላዩ ያለው ቋሚ ሸክም ያመጣው መለመጥ በጊዜ ብዛት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ እንደሚያድግ መሐንዲሶች አስበው ነው የሚያሰሉት።

ስትገዙና ስታስቀምጡ

ማኅተሙን አንብቡ። 2.0ኢ ተብሎ ከታዘዘ 1.9ኢ ይዞ የመጣ ሹፌር ይመለስ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ጠርዙን ተመልከቱ፤ በፎርክሊፍት ተወግቶ የተቦደሰ ወይም ልጣጩ የተላቀቀ አትቀበሉ። ግሉላም ከሆነ አንደኛው ጠርዝ ላይ ላይኛው ወገን መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ጠንካራዎቹ እንጨቶች የተቀመጡት ከታች፣ የሚሳበው ወገን ላይ ነው። ተገልብጦ ከገባ ደካማው ወገን ከታች ይሆናል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ጉዳይ ስለሆነ ነው የማነሣው፤ ድራይዎል (የግድግዳና የኮርኒስ ጂፕሰም ሰሌዳ) ከተለጠፈ በኋላ ማንም ሊያውቀው አይችልም።

አንዱ ባለ 11 ከ7/8 ኤልቪኤል በጫማ 6 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። 16 ጫማው ወደ 45 ኪሎ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ አስገብተን እቦታው ላይ እናደራርባቸዋለን። ለዚህም ነው ለቤት እድሳት ከብረት ቢም የምመርጠው። ደረጃ አልፎ፣ በር ዞሮ፣ በሁለት ሰው ይገባል። በመጋዝ ይቆረጣል፣ በምስማር ይያያዛል።

ጠላቱ ውሃ ነው። ኮላው ውሃን ይቋቋማል፣ እንጨቱ ግን ይጠጣል። ዝናብ የመታው ኤልቪኤል ያብጣል፣ በወርዱም እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። እንዲህ የሆኑ ሦስት ቢሞች ቢደረቡ መሐላቸው ክፍተት ይኖራል። የተሠራው ሁሌም ደረቅ ሆኖ ለሚኖር ቦታ ነው፤ እርጥበቱ ከ16 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ ከሳምንታት በፊት አታስመጡት። ከመጣም መሬት ላይ አታጋድሙት። ከሥሩ ጣውላ አድርጉ፣ ከላይ ሸፍኑት፣ ጎኑን ግን አየር ይግባው። በረንዳ ወይም ዴክ ለመሥራት ተራውን ኤልቪኤል ውጭ የሚያስገቡ አሉ። እባካችሁ ተዉት። ለውጭ የታከመ እንጨት አለ።

"በኮንቴይነር አገር ቤት ልላከው?" ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ምስጥ ባለበት አካባቢ ያልታከመ ኤልቪኤል ቀለብ ነው። እዚያ ኮንክሪትና ብረት የሚያውቅ ባለሙያ ሞልቷል፤ እሱን አሠሩ።

ሥራው

ግድግዳው ከመነካቱ በፊት ከሁለቱም ጎን ጊዜያዊ ድጋፍ ይቆማል፤ አገር ቤት ፑንቴሎ የምንለው ዓይነት ነገር። ከግድግዳው 2 ወይም 3 ጫማ ራቅ ብሎ ከላይ ወፍራም አግዳሚ፣ ከታች አግዳሚ፣ መሐላቸው ስተድ። ሁለቱንም ጎን ያልኩት ጆይስቶቹ ግድግዳው ላይ ስለሚገናኙ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ብትደግፉ ያልተደገፈው ወገን ይወርዳል። ከሥሩ ቤዝመንት ካለ ድጋፉ እዚያም እስከ ኮንክሪቱ ይቀጥላል። በክሪክ ወለሉን ወደ ላይ ለማንሣት አትሞክሩ። መያዝ ብቻ ይበቃል። ለ60 ዓመት የተቀመጠ ቤት በአንድ ጠዋት ቀጥ ይበል ሲባል ላይኛው ፎቅ ይሰነጠቃል።

ቢሙ ከጆይስቶቹ ሥር ከገባ ሥራው ቀላል ነው። ኮርኒሱ ሜዳ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ግን ጆይስቶቹ ተቆርጠው ጎኑ ላይ በብረት ሃንገር ይንጠለጠላሉ። ሃንገሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ሁሉ በተመደበለት ምስማር ይሞላል። በድራይዎል ቪቴ ሃንገር የሚያስር ሰው ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ። ያ ቪቴ ደረቅ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ክትክት ይላል።

ሁለትና ሦስት ሆነው የተደረቡት ቢሞች እንደ አንድ እንዲሠሩ መያያዝ አለባቸው። ሸክሙ ከላይ ከሆነ የተለመደው 16 ቁጥር ምስማር በየ12 ኢንቹ፣ ቁመቱ እስከ 12 ኢንች ለሆነ በ2 መስመር፣ 14ና ከዚያ በላይ ለሆነ በ3 መስመር ነው። ሦስት ድርብ ከሆነ ከሁለቱም ፊት ይመታል። ሸክሙ በአንድ ጎን ሃንገር ብቻ የሚመጣ ከሆነ ይህ አይበቃም። ሃንገሩ የያዘው አንደኛው ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ሥራ ሊፈቱ ይችላሉ። ለዚያ ረጃጅም የግንባታ ቪቴ ወይም ቡሎን አለ፣ ብዛቱን መሐንዲሱ ይጽፋል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ጫፉ ጋ። በምሳሌያችን በእያንዳንዱ ጫፍ የሚወርደው 4200 ፓውንድ ነው፣ ወደ 1900 ኪሎ። ቢሙ ይህን ይችለዋል። ከሥሩ የተጋደመው የስፕሩስ እንጨት ግን በጎኑ ሲጫኑት የሚችለው በካሬ ኢንች 425 ፓውንድ ብቻ ነው። ሁለት ድርብ ኤልቪኤል 3 ከግማሽ ኢንች ይሰፋል። ስታካፍሉት ቢሙ ቢያንስ 2.8 ኢንች ያህል ርዝመት ማረፊያ ያስፈልገዋል። ቢሙን ከሥሩ የሚሸከመው ቋሚ እንጨት ጃክ ስተድ ይባላል፤ አንዱ የሚሰጠው 1 ከግማሽ ኢንች ነው። ስለዚህ በየጫፉ ሁለት ጃክ፣ ከጎናቸውም ቢሙ እንዳይገለበጥ የሚይዝ ኪንግ ስተድ። የማየው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጃክ ነው። ውድ ቢም ተገዝቶ፣ ጥቂት ዶላር በምታወጣ አንዲት ስተድ ላይ ይቀመጣል። ከጊዜ በኋላ እንጨቱ ይጨፈለቃል፣ ቢሙ በአንድ ወገን ይወርዳል፣ ከዚያ "ኤልቪኤሉ ጎበጠ" ይባላል። ኤልቪኤሉ አልጎበጠም።

ምሰሶው ወለሉ ላይ ሲደርስም አላለቀም። ከወለሉ ጣውላ ሥር ምን አለ? ባዶ ከሆነ ሸክሙ ስሱን ጣውላ ይወጋዋል። በጆይስቶቹ መሐል ድፍን እንጨት ይሞላል፣ ከሥሩ ቤዝመንት ውስጥ ሌላ ምሰሶ ይቆማል፣ ምሰሶውም ፉቲንግ በሚባለው የኮንክሪት መሠረት ላይ ያርፋል። የቤዝመንት ወለል ኮንክሪት ብዙ ጊዜ 4 ኢንች ያህል ነው፣ ምሰሶ እንዲሸከም አልተሠራም። ሌላ ጥናት ከሌለ ለሸክላ አፈር በካሬ ጫማ 1500 ፓውንድ ነው የሚታሰበው። 4200 ለ1500 ሲካፈል 2.8 ካሬ ጫማ ነው። ስለዚህ ወለሉ ተቆርጦ 2 ጫማ በ2 ጫማ የሆነ ፉቲንግ ይፈስሳል። ደንበኞቼ ዋጋ ሳቀርብ የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። "ግድግዳ አንሣ አልን እንጂ ቤዝመንት ቆፍር መቼ አልን?" ይላሉ። ሸክሙ ግን ቀድሞ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ተበትኖ ነበር የሚወርደው። አሁን በሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ የሰጣችሁን ሰው "ምሰሶው ከወለሉ በታች ምን ላይ ያርፋል?" ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ አወቃችሁ። የሜሪላንድ ሰው ከሆናችሁ የኤምኤችአይሲ (የሜሪላንድ የቤት እድሳት ኮሚሽን) ፈቃድ ቁጥሩንም ጠይቁ።

የቢሙ ጫፍ የውጭ ግድግዳ ጡብ ወይም ብሎኬት ውስጥ የሚገባ ከሆነ በጎንና በላይ፣ በራሱ በጫፉም በኩል ግማሽ ኢንች አየር ተዉለት። ማረፊያው 3 ኢንች ይሁን፣ እንጨቱም ኮንክሪቱን በቀጥታ አይንካ።

ማንም አይብሳው

ቢሙ ገብቶ፣ ምሰሶው ቆሞ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይመጣሉ። ላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት ካለ ወፍራሙ የፍሳሽ ቧንቧ ቢሙ ጋ ይደርሳል። አንድ ቤት ስመለስ የታችኛው ጠርዝ 2 ኢንች ተቆርጦ ቧንቧው አልፎበት አገኘሁ። ሠራተኛው "ትንሽ ናት" አለኝ። በ11 ከ7/8 ላይ 2 ኢንች ሲቀነስ ጥንካሬው 31 በመቶ፣ ግትርነቱ 42 በመቶ ይቀንሳል። የተቆረጠው ማዕዘን ላይ ጫናው ተከማችቶ ቃጫውን መሰንጠቁ ደግሞ ሌላ ነው። ያ ቢም ተቀየረ።

ቢም ሲጎብጥ የታችኛው ጠርዝ ይሳባል፣ የላይኛው ይጨመቃል። መሐሉ ከሁለቱም ያርፋል። ጫፎቹ ጋ ደግሞ ሌላ ኃይል አለ፤ ቃጫዎቹን እርስ በርስ ሊያንሸራትት የሚሞክር። ስለዚህ የአብዛኞቹ ፋብሪካዎች መመሪያ ይህ ነው። ጠርዝ በፍጹም አይቆረጥም። ክብ ቀዳዳ በርዝመቱ መካከለኛ ሲሶ፣ በቁመቱም መካከለኛ ሲሶ ውስጥ ብቻ ይፈቀዳል። ስፋቱም ቢበዛ 2 ኢንች ያህል ነው፣ ቁመቱ ያነሰ ቢም ላይ ከዚያ ያንሳል። የቢማችሁን የፋብሪካ ወረቀት አውርዱና አትሙት። እኔ በማርከር ቢሙ ላይ መብሳት የሚፈቀድበትን ሳጥን እሥላለሁ፣ ከሳጥኑ ውጭ "አትብሱ" ብዬ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም እጽፋለሁ። ትራፓኖ የያዘ ሰው ያነበዋል።

አዳዲስ ቤቶች ላይ ወለሉን የሚሸከሙት አይ-ጆይስቶች ናቸው፤ ከላይና ከታች ጠባብ እንጨት፣ መሐላቸው ስስ የተጨመቀ ሰሌዳ። እነሱ ላይ ደንቡ ሌላ ነው። መሐሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ መክፈት ይቻላል፣ ከላይና ከታች ያለውን እንጨት ግን በመጋዝ ጫር ማድረግ እንኳ ክልክል ነው።

እሳት

ወፍራም ቢም በእሳት ጊዜ ከውጭ እየከሰለ ነው የሚሄደው። ከሰሉ ራሱ ውስጡን ይከልላል። ግሉላም በሰዓት 1 ከግማሽ ኢንች ገደማ ይከስላል ተብሎ ነው የሚሰላው። አይ-ጆይስት ግን ስስ ነው። በ2008 ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት መፈተሻ ድርጅት ባወጣው ሙከራ ከሥሩ ምንም ያልተለበደ የድፍን ጆይስት ወለል ለመውደቅ 18 ደቂቃ ያህል ፈጅቶበታል። የአይ-ጆይስቱ ወለል በ6 ደቂቃ ወደቀ። የቤዝመንታችሁ ኮርኒስ ክፍት ሆኖ አይ-ጆይስቱ የሚታይ ከሆነ፣ በተለይ ታች ተከራይ ወይም ወላጆች የሚተኙ ከሆነ፣ ግማሽ ኢንች ድራይዎል አስለብዱት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያም ታችም ላይም ይኑር። ግድግዳ የማንሣቱን ሥራ ለዓመት አቆዩትና ይህን አስቀድሙ ብትሉኝ አልቃወማችሁም።

ከመዘጋቱ በፊት

ድራይዎሉ ከመለጠፉ በፊት ኢንስፔክተሩ መጥቶ ያያል። የመሐንዲሱ ወረቀት ሥራው ቦታ ላይ ይኑር። እናንተም ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሡ፦ ማኅተሙን፣ የምስማሩን መስመር፣ የጃኮቹን ብዛት፣ ቤዝመንት ያለውን ምሰሶ። ከደብዳቤውና ከፐርሚቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት። ቤቱን ስትሸጡ የገዢው መርማሪ የተከፈተውን ሳሎን አይቶ መጠየቁ አይቀርም።

በመጀመሪያው ክረምት ማሞቂያው ሲበራ እንጨቱ ይደርቃልና ድራይዎሉ መገናኛ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ብታዩ አትደንግጡ። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ ስንጥቁ በየወሩ የሚሰፋ ከሆነ፣ ላይኛው ፎቅ ያለ በር መግጠም እንቢ ካለ፣ ወይም ከቢሙ ጫፍ አጠገብ ወለሉ ሰርጎ ከታያችሁ። ያን ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ወጥራችሁ መሐሉን በሜትር ለኩ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከወር በኋላ ድገሙት። ቁጥሩ ከጨመረ መሐንዲሱን ጥሩ፤ ቤዝመንት ውስጥ ካለው ምሰሶ ሥር መመርመር እንዲጀምርም ንገሩት።